የትኛውን እንደሚውጡ ሳላውቅ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ሲግናል በሚባለው ሰፈራችን የዕድር ስብሰባ ላይ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ጎረቤቴ ድንገት ወደ እኔ ዞረው ሥራዬ ምን እንደነበረ ጠየቁኝ። ነርስ መሆኔን ያውቃሉ፤ መርፌ በታዘዘላቸው ቁጥር በሬን ያንኳኩ ነበር። ማወቅ የፈለጉት ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት ነው።

«ያ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ባለው የጥናት ቦታ ምን ነበር የምትሠሪው?»

«የጉልበት ሕመምተኞችን እለካ ነበር።»

«ምን ሰጥተሻቸው?»

«እሱን አላውቅም ነበር።»

«እንዴት አታውቂም? ነርሷ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እንዳላውቅ ተብሎ ነው የተቀጠርኩት።»

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩኝ። የደበቅኳቸው ነገር ያለ ሳይመስላቸው አልቀረም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰብሳቢው መለሱና ስለ ድንኳኑ መቀደድ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ያን ቀን ስብሰባው ምን እንደወሰነ አልሰማሁም። የሰጠሁት መልስ ለራሴም ግራ ገባኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሮ፣ ሥራህ ምን ነበር ሲሉት «አለማወቅ» ብሎ ይመልሳል? እስቲ ከመጀመሪያው ልናገረው፤ ምናልባት ስናገረው ለእኔም ይገባኝ ይሆናል።

ሥራ የጀመርኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ቁስል አጥባለሁ፣ ክትባት እሰጣለሁ፣ ተረኛ ስሆን አዋልዳለሁ። ማትሯናችን፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። መድኃኒት ይዤ ወደ በሽተኛ ስሄድ ኮሪደር ላይ ያስቆሙኝና «ምንድን ነው የያዝሽው? መጠኑስ? ለምን ታዘዘ?» ይሉኛል። በአንዱ ከተንተባተብኩ ከመንገድ ይመልሱኛል። «የምትሰጪውን የማታውቂ ከሆነ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ቁሚ» ይሉ ነበር። ብዙ ዓመት በዚህ ትምህርት ኖርኩ። በኋላ ወደ አንድ ሆስፒታል ተዛወርኩ፤ የአዳር ተራው ወገቤን ሲጎዳኝ ደግሞ የቀን ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። የጥናት ማዕከሉ ነርስ እንደሚፈልግ የነገረችኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ደመወዙ ትንሽ ይሻል ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የፈለግኩት ማታ ማታ እቤቴ መግባት ነው።

ማዕከሉ ከፈረንሳይ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበር። ኃላፊዋ ዶክተር ሰላማዊት በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ፈጣን፣ አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ ትንፋሽ የምትናገር ሐኪም ናት። የጥናቱን አሠራርና ቁጥሩን የሚመሩት ደግሞ ጋሽ ፍሥሐ የሚባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ሹራብ የማይለያቸው ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጉልበት ሕመም ያሽላል የተባለ አዲስ ክኒን አለ። በእርግጥ ያሽል እንደሆነ ለማወቅ ከታማሚዎቹ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ ቁርጥ መድኃኒቱን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ዱቄት ብቻ የሆነ ክኒን ይወስዳሉ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ዕጣ ነው። ዕጣውን የሚያውቀው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ያለ አንድ ፋርማሲስት ብቻ ነው። ታማሚው አያውቅም፣ ሐኪሟ አታውቅም፣ ጉልበታቸውን የምለካው እኔም አላውቅም። ይህን ፈረንጆቹ «ብላይንድ ማድረግ»፣ ማሳወር፣ ይሉታል። ጋሽ ፍሥሐ ግን ቃሉን አይወዱትም። «ማንንም አናሳውርም፤ መጋረድ ነው» ይላሉ።

በሁለተኛው ቀን «እኔ የማላውቀውን ነገር እየሰጠሁ እንዴት እሠራለሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ወጥተው ዘበኛውንና አትክልተኛውን ይዘው መጡ። ሁለቱንም በየተራ ከወንበር እንዲነሡና እስከ በሩ እንዲሄዱ አደረጉ። «አትክልተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዘበኛው ገና ነው። አካሄዳቸውን እያየሽ ነጥብ ስጫቸው» አሉኝ። አየሁ፣ ሰጠሁ። አትክልተኛው ቀለል ብሎት ነው የተነሣው፤ ዘበኛው ግን ሲነሣ ፊቱ ትንሽ ኮምተር ብሏል። ለአትክልተኛው የተሻለ ነጥብ ሰጠሁት።

«ሁለቱም ምንም አልወሰዱም» አሉኝ ጋሽ ፍሥሐ። «ጉልበታቸውንም ታመው አያውቁም።»

ፊቴ ጋለ። «ታዲያ እኔ ውሸታም ነኝ ማለት ነው?»

«አይደለሽም። የዘበኛውን ፊት ኮምተር ሲል አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ነው። እኔ ባልነግርሽ ኖሮ ያንን ከጉልበቱ ጋር አታገናኚውም ነበር።»

ማትሯኗ ያስተማሩኝ ሁሉ ከእግሬ ሥር ተንሸራቶ የሄደ መሰለኝ። ለካስ ማወቅም ያሳስታል።

ሥራውን ቀስ በቀስ ያለማመዱኝ ጋሽ ፍሥሐ ናቸው። አንደኛው ችግር ሰላምታችን ነበር። አንድ ታማሚ ገብቶ «እንዴት ነዎት?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይለኛል፤ ጉልበቱ እንደ ዳቦ አብጦ። ወንጌላዊ አማኝ ከሆነ «ጌታ ይባረክ፣ በጣም ደህና ነኝ» ይላል። ይህን ብሎ ከጨረሰ በኋላ ሕመም አለብኝ ማለት ምስጋናውን ማፍረስ ይመስለዋል። ጋሽ ፍሥሐ መላ አመጡ፤ ሰላምታው ሁሉ ግቢ ውስጥ፣ ቆመን፣ እስኪበቃን ይለቅ። ክፍሉ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን «እንዴት ነዎት» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። «ተሻለዎት?» ማለትማ ፈጽሞ ክልክል ነው። ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ጉልበትዎ ምን ያህል አመመዎት?» ከዚያ ከዝቅተኛ ወንበር አስነሣቸዋለሁ፣ የቪላውን ደረጃ አስወጣቸዋለሁ። ድምፄ እንኳን ከሰው ሰው እንዳይለይ ይጠነቀቁልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከበሩ ውጭ ሆነው ሲያዳምጡኝ ቆይተው «ለዚያኛዋ ሴትዮ ስትጠይቂ ፈገግ ብለሻል» አሉኝ። «አላዩኝም እኮ!» አልኩ። «ፈገግታ ድምፅ ውስጥ ይሰማል» አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ክኒኖቹን መፈተን ነው። ዕቃው ሲመጣ ከሁለቱም ዓይነት የተወሰደ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያልተነገረበት ናሙና ይላክላቸዋል። ያሸቱታል፣ ውኃ ውስጥ ይጥሉታል፣ ይሰብሩታል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ ያዩታል። በመጨረሻም የግቢውን ሰው ሁሉ፣ ሾፌሩንም ጽዳት ሠራተኛዋንም ሰብስበው ያስቀምሱታል። «ልዩነት አለው?» ይላሉ። ሰው ሁሉ ከተምታታ ደስ ይላቸዋል። በሕይወቴ፣ ሰው ግራ ሲጋባ እንደዚያ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም።

እትዬ የሺ ወደ ጥናቱ የገቡት መጀመሪያ አካባቢ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ጎመንና ድንች ያለባት ትንሽ መሬት አለቻቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚያርሱት። ሲመጡ የወንድማቸው ልጅ ደግፎ ነው ያመጣቸው። የቪላውን ደረጃ ሁለቱን እንደወጡ ተቀመጡ። «በቃኝ፣ ሲስተር። ለዓመት በዓል እንኳን ላይኛው ቤተ ክርስቲያን መውጣት ካቆምኩ ቆየሁ» አሉኝ። ፈቃዳቸውን ስጠይቅ ክኒኑ መድኃኒትም ዱቄትም ሊሆን እንደሚችል፣ ጥናቱ ሲያልቅ የትኛው እንደነበረ እንደምንነግራቸው አስረዳኋቸው። «ዕጣ ነው በይኛ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ለውጣቸው ይታይ ጀመር። መጀመሪያ ደጋፊያቸው ቀረ። ቀጥሎ ደረጃውን ጨረሱት። አንድ ጊዜ ድንች ተሸክመው፣ ብቻቸውን፣ በእግራቸው ወርደው መጡ፤ ስጦታ መቀበል ስለማይፈቀድልን ዘበኛው ዘንድ ጥለውት ሄዱ። እኔ ነጥቤን ጻፍኩ፣ ድምፄን አስተካከልኩ፣ ፈገግታዬን ዋጥኩ። በልቤ ግን «እኚህስ መድኃኒቱን ነው የሚወስዱት» ብዬ ደምድሜ ነበር።

መጥፎው ነገር የመጣው ከሁለተኛው ዙር ዕቃ ጋር ነው። ክኒኑ ዘግይቶ ደረሰ፤ ታማሚዎች እጃቸው ላይ ያለው ሊያልቅባቸው ነው። ዶክተር ሰላማዊት «ጋሽ ፍሥሐ፣ ዛሬውኑ ካላለፈ ሰዎቹ መድኃኒት ሊያቋርጡ ነው» አለቻቸው። እሳቸው በጉንፋን ተይዘው አፍንጫቸው ተዘግቶ ነበር። ናሙናውን አሸተቱ፣ ሰበሩ፣ ቀመሱ። ግቢው ውስጥ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሌሎቹ መስክ ወጥተዋል። ሰው ሰብስበው ሳያስቀምሱ «አንድ ናቸው» ብለው ፈረሙ።

አንድ አልነበሩም። በዚያ ዙር የመድኃኒቱ ሽፋን ሳስቶ ኖሯል፤ ምላስ ላይ ትንሽ ከቆየ ይመራል። ዱቄቱ ደግሞ አይመርም። ይህን ለማግኘት ታማሚዎቻችን ብዙም አልፈጀባቸውም። ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቁ ክኒናቸውን እያወጡ ያነጻጽሩ ጀመር። እኔ ከእነሱ ጋር እንዳላወራ ስለተከለከልኩ የሰማሁት በመስኮት ነው።

«ያንተ ይመራል?»

«እንደ ኮሶ!»

«የእኔ ምንም አይልም። ባዶውን ነው የሰጡኝ ማለት ነው።»

«አይ፣ የእኔም አይመርም» ሲሉ ሰማሁ እትዬ የሺን። «ግን መድኃኒቱ የእኔ ነው። መራራውን የሰጧችሁ መድኃኒት እንዲመስላችሁ ብለው ነው። ባይሆንማ እኔ እንዴት ዳንኩ?»

ሳቄ መጣ። መስኮቱን ዘግቼ ወደ ጋሽ ፍሥሐ ሄድኩና የሰማሁትን ነገርኳቸው። እሳቸውም ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሾፌሩን፣ ዘበኛውን ጠርተው ከቀረው ናሙና አስቀመሷቸው። ሦስቱም ያለ አንዳች ማመንታት ለዩት። ጋሽ ፍሥሐ እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ምላሴ ያልሠራ ቀን በምላሴ ፈረምኩ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ነው የፈረሰው። «ባዶው ደረሰኝ» ያሉት ግማሾቹ ቀሩ፤ ግማሾቹ ከፋርማሲ ሌላ ማስታገሻ እየገዙ ይወስዱ ጀመር። የመረራቸው ደግሞ በሙሉ ተሻለን አሉ። መድኃኒቱ አሽሏቸው ነው ወይስ መድኃኒት እንደሆነ አውቀው? ማንም ሊናገር አልቻለም። ጋሽ ፍሥሐ እያንዳንዱ ታማሚ የትኛውን የወሰደ እንደሚመስለው አስጠየቁ፤ አብዛኞቹ በትክክል እንደገመቱ ፋርማሲስቱ አረጋገጠ። ዶክተር ሰላማዊት ጥናቱን በሆነ መንገድ ለማትረፍ ትፈልግ ነበር።

«እስከ መጀመሪያው ዙር ያለውን ብቻ እንውሰድ» አለቻቸው።

«ያ አጭር ነው፣ ምንም አይነግረንም።»

«ዓመታት የለፋንበት እኮ ነው፣ ጋሽ ፍሥሐ!»

«አውቃለሁ። መጋረጃው ተቀዷል ብዬ እጽፋለሁ፤ ማን እንደቀደደውም እጽፋለሁ።»

ጻፉትም። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ የማደርገው ጠፍቶኝ መጋረጃ፣ እውነተኛውን የመስኮት መጋረጃ ማለቴ ነው፣ ስከፍትና ስዘጋ ነበር። ዶክተሯ ተናዳ ወጣች፣ ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

ጥናቱ ሲዘጋ ዕጣው ተገለጠ። ስሞቹ ሲነበቡ የጠበቅኩት አንድ ስም ነው፤ ክኒናቸው እንደማይመር በመስኮት ብሰማም ልቤ አልተቀበለውም ነበር። እትዬ የሺ፤ ዱቄት። ድገሙልኝ አልኩ። ከፋርማሲስቱ መዝገብ ጋር ዳግም ተመሳከረ። ዱቄት ነው።

«ሲስተር፣ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እርስዎን ያምናሉ» አለችኝ ዶክተር ሰላማዊት።

ወደ ጋሽ ፍሥሐ ሄድኩ። «ሳልነግራቸው ብቀርስ? ሴትዮዋ ድነዋል እኮ።»

«ሲገቡ ምን ብለሻቸዋል?»

«በመጨረሻ እንነግርዎታለን።»

«እና?»

እትዬ የሺ ሲመጡ ሰላምታችንን እንደ ልማዳችን ግቢ ውስጥ ጨረስን፤ ያን ዕለት እኔ ነበርኩ ሰላምታውን የማስረዝመው። ክፍል ገብተን ተቀመጥን።

«እትዬ የሺ፣ ሲወስዱት የነበረው ክኒን መድኃኒት አልነበረበትም።»

«ምን ነበረበት?»

«ዱቄት። ምንም የማያደርግ።»

ጉልበታቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው ጉልበት የሚያዩ ይመስል። «እኔ እኮ ባለፈው ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወጥቻለሁ።»

«ነግረውኛል።»

«በዱቄት ነው የወጣሁት?»

«አላውቅም፣ እትዬ የሺ።»

«ብልቃጡ ተቀያይሮ ይሆናል።»

«አልተቀያየረም፤ ሁለቴ አይተነዋል።»

ትንሽ አሰቡና «ደግ። እንግዲያው ዱቄቱኑ ስጡኝ» አሉ።

ዶክተር ሰላማዊትን ጠራኋት። አጠገባቸው በርከክ ብላ፣ ምንም የሌለበትን ነገር እያወቀች መድኃኒት ብላ ማዘዝ እንደማትችል፣ ከፈለጉ ግን ጤና ጣቢያ ሌላ ማስታገሻ እንደምታጽፍላቸው አስረዳቻቸው። እትዬ የሺ ሰሟት። «እናንተ መድኃኒት ነው አትበሉኝ። ዱቄት ነው ብላችሁ ስጡኝ፤ እኔ ልዋጠው» አሏት። ዶክተሯ ወደ እኔ ቀና አለች። የቀረው ክኒን በሙሉ ተቆጥሮ ወደ መጣበት መመለስ ነበረበት። ምንም ልትሰጣቸው አልቻለችም። ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ አየኋቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፤ የወንድማቸው ልጅ እንደገና ደግፏቸዋል። «ተመለሰብኝ፣ ሲስተር» አሉኝ። አልተቆጡኝም። መቆጣት ያማረኝ እኔ ነኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቀውም።

ጋሽ ፍሥሐ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ውላቸው ሲያልቅ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ እትዬ የሺ ነገርኳቸው።

«ስለነገርኳቸው ነው የተመለሰባቸው?» አልኩ።

«ክረምቱስ? ዕድሜያቸውስ? መሬቱን ብቻቸውን መቆፈራቸውስ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

«ለማወቅ ያልነገርሻቸው ሌላ የሺ ያስፈልጉሻል፤ ጎን ለጎን የምታይያቸው።»

«ሌላ የሺ የሉም።»

«የሉም» አሉና ሹራባቸውን ሰበሰቡ። «እኔም ይኸው ጡረተኛ ሆኜ እሱን ሳስብ ነው የምውለው። ብዙ ሰው ሲሆን አውቅበታለሁ። አንድ ሰው ሲሆን አላውቅበትም።»

እኔ ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥናቶች ላይ ሠራሁ፤ ደህና የሄዱም ነበሩ። አሁን ሥራው ተለውጧል። ወጣቶቹ ሁሉንም በታብሌት ይሠሩታል፤ ታማሚው ሕመሙን ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ይሞላል፣ «እንዴት ነዎት» የሚለውም የለም። ጥሩ ነው ይላሉ፤ ይሆናል። ስሰናበት ጥሩ ንግግር ተደረገልኝ። እኔ ግን ንግግር አድርጊ ስባል «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ፤ የሠራሁት ሥራ ሰው ማዳን ይሁን ሰውን ማየት አልለይልሽ አለኝ።

ባለፈው ወር እትዬ የሺን ልጠይቅ ወጣሁ። የታክሲው መጨረሻ ላይ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ለሽርሽር የመጡ ወጣቶች በመኪና እያለፉኝ አቧራ አለበሱኝ። እትዬ የሺን ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ድንች ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ታች ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ እያሰቡ ስለነበር አብረን ልንወርድ ተነሣን።

መንገዱ ላይ ሳናቋርጥ አወራን። ስለ ሟቹ፣ ስለ ድንቹ በሽታ፣ የወንድማቸው ልጅ ስላጫት ልጅ። ከእኔ ፈጠን ብለው ነበር የሚሄዱት። ከግማሽ መንገድ በላይ ወርደን ሳለ፣ የስንት ዓመት ልማድ ነውና፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤

«ጉልበትዎስ?»

ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ወይ አንቺ! ምን ጠየቅሽኝ አሁን? ረስቼው ነበር እኮ» አሉ። «ይኸው፣ አመመኝ።»

ደነገጥኩ። ይቅርታ ልበል፣ ልሳቅ አላወቅኩም። እሳቸው ግን ሳቁና ክንዴን ያዙ፤ ተደግፈውኝ ቀስ እያልን ወረድን። እስከ ለቅሶው ቤት በር ድረስ ክንዴን አልለቀቁትም። የደገፉኝ አሟቸው ይሁን ወይ እኔን ወድደው፣ አልጠየቅኳቸውም።